እባቡን ይዛችሁ ኑ

በሐረርና በዙሪያዋ የሚኖር እባብ ሰው አይነድፍም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ጤና ጣቢያችን በየወሩ ወደ ላይ የሚልከው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን ሃያ ዓመት ሙሉ የሞላሁት ደግሞ እኔው የካርድ ክፍሏ ልደት ነኝ። ቅጹ ላይ ወባ አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ የዓይን ማዝ አለ፣ የመኪና አደጋም በኋላ ገብቷል። እባብ ግን የለም። ስለዚህ እግሩ እንደ ገንቦ አብጦ በቃሬዛ የመጣውን ሁሉ «ሌሎች» የሚለው ረድፍ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከዛፍ ከወደቀው፣ ውሻ ከነከሰውና ጆሮው ውስጥ ባቄላ ከገባበት ጋር። «ሌሎች» ሰፊ ቤት ነው፣ እንግዳ አይመልስም። ላይ ያሉትም ሪፖርቱን ያነቡና «በአካባቢያችሁ የእባብ ችግር የለም» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። በወረቀት ላይ የኛ አገር እባብ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ጨዋ ፍጡር ነው።

ይህን የወረቀት ሰላም ለማደፍረስ የተነሳ አንድ ሰው ነበር፤ የቁስል ክፍሉ ጤና ረዳት ጌታነህ ሀብተወልድ። ስለ እሱ የምጽፈው ትልቅ ሰው ስለሆነ አይደለም። ቁመቱም ማዕረጉም አጭር ነው። የተወለደው ሸዋ በር አካባቢ ነው፤ አያቱ በድሮው ዘመን ከሸዋ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ጌታነህ ከእሳቸው የወረሰው እልህ ብቻ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪ ይናገራል፤ በሦስቱም ይቆጣል፣ በሦስቱም ማቆላመጥ አይችልም። የጤና ጣቢያችንን ስም አልጽፈውም። ቦርዱ ላይ ያለው ቀለም ከረገፈ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ሠራተኞቹም ብንሆን ስሙን በትክክል የምናውቀው ጥቂቶች ነን።

ጌታነህ የመጣው በሰማንያ ስድስት ነው። በዓመቱ ቡሽራ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ አመጡልን። ጫት የሚቀነጠሰው ጤዛው ሳይደርቅ ነው፤ እባብም ጤዛ ሳይደርቅ ከሙቅ ቦታው መነሳት አይወድም። ቡሽራ እጁን ቁጥቋጦው ሥር ሰደደ፣ እፉኝት ነደፈው። ያለንን ሁሉ ሰጠነው፤ ያለን ደግሞ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ የቁስል ቀለምና ፋሻ ነበር። ከኛ ከፍ ወዳለው ቦታ ብንልከውም ፋሻው ሰፋ ይል እንደሆነ እንጂ የመርዝ ማርከሻ እዚያም እንደሌለ እናውቅ ነበር። ጌታነህ አጠገቡ ተቀምጦ ውኃ ሲያጠጣው ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ቡሽራ ድዱ እየደማ ሞተ።

ጌታነህ እጁን እየታጠበ ዞር ብሎ አየኝ። «ልደት፣ ሁለተኛ እዚህ አልጋ ላይ ሰው ፋሻ ታቅፎ አይሞትም። ማርከሻው እዚህ ይገባል» አለ።

እኔም «አሜን» አልኩ። አሜን ማለት ምን ያስቸግራል?

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው መልስ ሁለት ዓመት ፈጅቶ መጣ፤ «የጠየቃችሁት መድኃኒት ከተመደበው ዝርዝር ውጭ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አስተዋይ ሰው የጻፈው ነበር። የሚነደፉት ገበሬዎች ከክልላችን ወሰን ውጭ የሚኖሩ ስለሆነ ጥያቄው ለሚመለከተው ወገን ይቅረብ አለን። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ከከተማው ወጣ ብለው ካሉት መንደሮች ነው፤ ማሳው የዚያኛው ክልል ነው፣ እባቡም የዚያኛው ነው፣ የኛ የሚሆነው እግሩ ብቻ ነው። የሚመለከተው ወገን ሲጠየቅ በበኩሉ «በሽተኛው የሚታከመው እናንተ ጋ ስለሆነ ጥያቄው ወደ እናንተ ይመለስ» ብሎ መለሰ። እባቡ ብቻ ወሰን መኖሩን ሳይሰማ ከወዲያ ወዲህ ይመላለስ ነበር።

ሦስተኛው መልስ የመጣው በዘጠና አምስት ነው። አጭር ነበረች፤ «የእባቡ ዓይነት በማስረጃ ተለይቶ ይቅረብ» ትላለች። ጌታነህ ደብዳቤዋን ይዞ ካርድ ክፍል ድረስ እየሮጠ መጣ። ያን ቀን የተደሰተውን ያህል የሠርጉ ዕለትም አልተደሰተም።

«ማስረጃ ጠየቁ እኮ! ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ሊሰጥ ያሰበ ነው!»

«ወይም ላለመስጠት ያሰበ» አልኩት።

«አቦ አንቺ ደግሞ አታሟርቺ!» ብሎኝ ሄደ። ይዞት የሄደው ለክትባት ዘመቻ የተሰጠንን ሜጋፎን ነበር።

ጊደር መጋላ ገበያ መሐል፣ እህል ከሚሰፈርበትና በርበሬው ከሚያስነጥስበት ቦታ ላይ ጥራጥሬ የተሞላ ጆንያ ላይ ወጥቶ በሁለት ቋንቋ ጮኸ። «እባብ ከነደፋችሁ እባቡን ይዛችሁ ኑ! ጭንቅላቱን አትጨፍልቁት፣ የሚታወቀው በጭንቅላቱ ነው! እባቡን ካላየን መድኃኒቱ አይታወቅም!» በገበያ ቀን በገበያ ቀን ይህንኑ ደገመው። ሸዋ በር ሚኒባስ መቆሚያ ላይም፣ ረዳቶቹ ከሚጮኹት በላይ እየጮኸ፣ አሰማ።

የጤና ትምህርት የማያውቅ ሰው ይህ ሰሚ አያገኝም ይል ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ሽንት ቤት ቆፍሩ ብለን አሥራ ሁለት ዓመት ለፍፈን የተቆፈረው ጉድጓድ በጣት ይቆጠራል። የወባ አጎበር ሰጥተን ዶሮ ማጠሪያ ሆኖ አግኝተነዋል። ይህ ትምህርት ግን ባንዴ ገባ። ምክንያቱን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። በዚያ አገር የነደፈውን እባብ ሳይገድል ከማሳው የሚሄድ ወንድ ድሮም ይታማል፤ «ልጆቹ በሚረግጡት መሬት ጠላቱን በሕይወት ትቶ ሄደ» ይባላል። ጌታነህ ነውሩን ሕግ አደረገላቸው። ከዚህ ቀደም ሐኪም ቤት የሚያዘው ነገር ሁሉ ከልማዳቸው ጋር ይጣላ ነበር፣ ይህኛው ግን የልባቸውን ነገራቸው።

ከዚያማ እባቡ ጎረፈ። በጆንያ መጣ፣ በፌስታል መጣ፣ በዘይት ጀሪካን መጣ። አንዱ ገበሬ የሞተ መስሎት ባጃጅ ውስጥ እግሩ ሥር ያስቀመጠው እፉኝት ሸዋ በር ሲደርሱ ነቃ። ሾፌሩም ተሳፋሪውም በየፊናቸው ዘለሉ፤ ባጃጁ ብቻውን ሄዶ የቲማቲም መደብ ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ካርድ ክፍል መጥቶ ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ከጆንያው የወጣው ነገር ቀና ብሎ ሲያየኝ እኔ ወንበሬ ላይ ወጥቼ ቆሜ ነበር፤ ኃላፊያችን ሲስተር ፀሐይ በበሩ ብቅ ብላ የነበረችው በመስኮት ወጣች። መስኮቱ ጠባብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዴት እንዳለፈችበት እስከ ዛሬ አልገባንም። እኔም ከዚያ በኋላ ለወራት የመጋረጃ ገመድ ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር እዘል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ጌታነህ ግን በደስታ ሰከረ። የድልህና የማር ጠርሙስ ከየቤቱ ለምኖ ሰበሰበ፣ እባቦቹን በአልኮል ዘፈቃቸው፣ በየጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ መንደሩን፣ የተነደፈውን ሰው ስምና ዕድሜ በቆንጆ ጽሕፈቱ ጻፈ። የቁስል ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አርባ ሦስት ጠርሙስ ተደረደረ፣ ዝርዝሩም ወደ ላይ ተላከ። ቁስሉን ሊያሳጥብ የመጣ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያቸው ነበር። አንድ ቀን ከላይ እንግዶች መጥተው ከጠርሙሶቹ ጋር ፎቶ ተነሱ። በዓመቱ ለጌታነህ የምስክር ወረቀት መጣለት፤ «ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ላደረጉት አስተዋጽኦ» ይላል። አርባ ሦስት የተጠበቁ እንስሳት መደርደሪያው ላይ ሆነው የምስክር ወረቀቱን ያዩ ነበር። ማርከሻ ግን አልመጣም።

ከእባብ አምጪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ዓሊዪ የሚባል ገበሬ ነበር። መንደሩ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ በባጃጅ ግን ዋናው መንገድ ላይ ከተደረሰ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ካብ በመካብ የታወቀ ነው፤ እርከኑ ላይ ድንጋይ ሲደረድር የጀጎልን ግንብ የሠራ ነው የሚመስለው። እሱን እባብ ነድፎት አያውቅም። ጎረቤት በተነደፈ ቁጥር ግን ይጠሩታል፣ ባላ እንጨቱን ይዞ ይሄዳል፣ አንገቱ ላይ ይጫነውና ጭንቅላቱን ሳይነካ ይገድለዋል። ስድስት እባብ አምጥቶልናል። ጌታነህ «ምክትሌ» ይለዋል፣ እሱም ደረቱን ይነፋል።

ሚስቱ ፋጡማ ጊደር መጋላ ማሽላ ትሸጣለች። ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ገበያ ስትመጣ ካርድ ክፍል በር ላይ አረፍ ብላ ታጫውተኛለች። አንድ ቀን ጌታነህ ሲያልፍ ያዘችው።

«ዶክተር፣ ወላሂ አንተ አሏህን አትፈራም። ባሌን ለእባብ ዳርክብኝ እኮ! እኔ ስጠራው አይሰማም፤ እባብ ተገኘ ካሉት ግን ምሳውን ጥሎ ይሮጣል።»

«ታገሺ» አላት ጌታነህ። «ማርከሻው ሲመጣ እፈታዋለሁ።»

ሳቅን። እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። ካርድ ሳወጣ በሽተኛው የተነደፈበትንና የደረሰበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ድሮ የተነደፈ ሰው ቢበዛ በሁለት በሦስት ሰዓት ይደርስ ነበር። ሜጋፎኑ ከጮኸ ወዲህ ጠዋት የተነደፈው የሚመጣው ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ፣ አንዳንዱም አመሻሹ ላይ ለዐስር ሰላት ሆነ። እባቡን እየፈለጉ ነው የሚቆዩት። አንዴም ሁለት ፈላጊዎች በሚፈልጉት እባብ ራሳቸው ተነድፈው መጡ፤ አንድ እባብ፣ ሦስት በሽተኛ። አንዴ ሻይ ስንጠጣ ለጌታነህ ነገርኩት።

«ሰዎቹ እየዘገዩ ነው።»

«ማስረጃ ጊዜ ይወስዳል» አለኝ። «ደግሞ ቶሎ ቢመጡስ ምን ልሰጣቸው? ፋሻ?»

ሻዬን ጠጣሁ። ይህን የምጽፈው የሱን ጥፋት ብቻ እየቆጠርኩ የራሴን እንዳልደብቅ ነው። ሰዓቶቹ በእጄ ጽሕፈት የተጻፉ ናቸው።

በሁለት ሺህ አራት መጋቢት ላይ ተአምር ሆነ። «የላካችሁትን የናሙና ዝርዝር ተመልክተናል» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ከደብዳቤው ጋር በበረዶ ሣጥን አሥር ብልቃጥ ማርከሻ። አሥር ብልቃጥ ለመረከብ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጌታነህ ብልቃጦቹን የክትባት ፍሪጅ ውስጥ አስገባ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሪጁን ከፍቶ ያያቸዋል፣ ይዘጋል። «በሩን ስትከፍተው ይሞቃሉ» ስለው «ይሙቃቸው፣ እኔም ሞቆኛል» አለኝ። ከቡሽራ ሞት አሥራ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። መቼም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ብልቃጦቹ ጋር በደቃቅ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ጌታነህ ከሱ ላይ መጠኑን፣ የቅዝቃዜውን ልክና የሚያልፍበትን ቀን እየተጨነቀ ለቅሞ በአማርኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የቀረውን አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ አንድም የተነደፈ ሰው አልመጣም። እባቦቹም መድኃኒት መምጣቱን ሰምተው አኩርፈው ይሆናል።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በሚከመርበት ሰሞን፣ ፋጡማ ተነደፈች። ለከብት የሚሆን አገዳ ከክምሩ ስትመዝ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። ባጃጅ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ዓሊዪ ግን ምክትል ነው፤ እባቡን ሳይዝ ቢመጣ ማን ሊሆን ነው? ሚስቱን ዛፍ ሥር አስተኛት፣ በሻሿ ጭኗን አሰረ፣ ጎረቤት ጠራ። እባቡ ካቡ ውስጥ ገብቷል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንዲሉ፣ ዓሊዪ ደግሞ ያንን ካብ ድንጋይ በድንጋይ ያውቀዋል፣ ራሱ ነው የካበው። በእጁ የካበውን በእጁ ያፈርሰው ጀመር። ፋጡማ ከዛፉ ሥር ሆና «ተወው፣ እንሂድ» ትለዋለች። እሱም «እባቡን ካላዩ መድኃኒቱን አያውቁትም፣ ትንሽ ታገሺ» ይላታል። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። እባቡ የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። ካቡ እስከ መሠረቱ ፈርሶ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፋጡማን ሁለት ሰዎች ተሸክመዋታል፤ እግሯ እስከ ዳሌዋ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ላይ ደም አለ። ዓሊዪ ከኋላ የታጠበ ነጭ ጆንያ ይዞ ገባ። ጆንያውን ጌታነህ ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ አኖረው።

«ይኸው ዶክተር» አለ እያለከለከ። «ጭንቅላቱን አልነካነውም።»

ጌታነህ ጆንያውን አላየውም። ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወጣ የማተቡ ክር ተበጠሰ። አራት ብልቃጥ ሰጣት።  ሲስተር ፀሐይ ደም ሥሯን ያዘችላት፣ እኔ እግሯን ቀና አድርጌ ያዝኩ፤ ካርድ ክፍል ማንም አልነበረም። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲባል ፋጡማ ሞተች።

ዓሊዪ እስከዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኖቿን ስንከድን ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደና ጆንያውን ከፍቶ አየ።

«ዶክተር» አለ፣ «እባቡ ልክ አይደለም እንዴ? ሌላ እባብ ነው ያመጣሁት?»

 እኔ ወጣሁና ግቢው ውስጥ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጌታነህ ያንን የታጠፈ ወረቀት ይዞ ካርድ ክፍል መጣ። የኔ እንግሊዝኛ ከሱ ትንሽ ይሻላል። «አንብቢልኝ፤ ያላነበብኩትን ሁሉ» አለኝ። አነበብኩለት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ በአማርኛ ነገርኩት። መድኃኒቱ በዚህ የዓለም ክፍል ላሉት ዋና ዋናዎቹ መርዘኛ እባቦች በሙሉ ይሠራል ይላል፤ ለእፉኝቱም፣ ለጥቁሩም፣ ለሌላውም። የነደፈው እባብ ባይታወቅም ይሰጣል ይላል። በቶሎ ከተሰጠ።

ጌታነህ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጠፈው። «አሥር ዓመት» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ያን ወር ሪፖርቱን ስሞላ «ሌሎች» የሚለው ረድፍ ላይ ደረስኩና እጄ እምቢ አለ። ማስመሪያ አወጣሁ፣ ከቅጹ ግርጌ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ፤ «የእባብ ንድፊያ፣ አንድ፤ ሞት፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ሳምንት ተመለሰልን፤ ለማርከሻ አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀው ቢሮ ለዚህ ፈጣን ነበር። በቀይ «ቅጹ ተበላሽቷል፣ በአዲስ ተሞልቶ ይላክ» ተብሎበታል። በአዲስ ቅጽ ላይ እንደገና አሰመርኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አሰምራለሁ፣ በየወሩ ይመልሱልኛል፤ እንዲህ ተዋውቀናል።

ፋጡማ በሞተች ሰሞን ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ጌታነህ መንገድ ላይ ምን እንደሚል አልነገረኝም። ሰው ተሰብስቦ ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ዓሊዪ ፊት ቁጭ አለና ሁሉንም ተናገረ። እባቡ አያስፈልግም ነበር አለ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ሲጠብቃት እኔ ነኝ ካብ ያስፈረስኩህ አለ። ተናደድኩበት። ዝም ቢል ማን ያውቅ ነበር? ወረቀቱን ያነበብን ሁለታችን ነን። ምክትል ብሎ የሾመውን ሰው በሕዝብ ፊት የሚስቱ ገዳይ አንተም ነህ እንደማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

 ዓሊዪ «ለምን ነገርከኝ?» አለው።

«ሌላ ሰው እየፈለገ እንዳይቀመጥ» አለ ጌታነህ።

 ተነስተን ስንሄድ ዓሊዪ በሩ ድረስ ሸኘን፤ በሩ ላይም «ያቺን የምትጮኽበትን ነገር ቅዳሜ ይዘሃት ና» አለው።

ቅዳሜ ጊደር መጋላ ላይ፣ ፋጡማ ማሽላ ትሸጥበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ ዓሊዪ ሜጋፎኑን ያዘ። አልጮኸም፤ ከዚያ መሣሪያ እንዲያ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በኦሮምኛ ነበር የተናገረው። «እባቡን አትፈልጉ» አለ። «ሰውየውን ይዛችሁ ሩጡ። እባቡን አትፈልጉ። እኔ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ።» ሜጋፎኑን ለጌታነህ መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ። 

ሰው በአንድ ቅዳሜ ይመለሳል እንዳትሉ። አሥር ዓመት ያስተማርነውን ለማስተው ደግሞ ሌላ ልፋት ነበር። «ዓምና አምጡ፣ ዘንድሮ ተዉ፤ ሐኪም ቤትም እንደ አየሩ ይለዋወጣል» አሉን። ከላይም ደብዳቤ መጣ፤ የናሙና ስብስቡ ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች አርአያ ስለሆነ ተጠናክሮ ይቀጥል ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጌታነህ ጠርሙሶቹን አውጥቶ ከግቢው ጀርባ ቀበራቸው። የምስክር ወረቀቱንም አብሮ ሊቀብር ነበር፤ ሲስተር ፀሐይ «መንግሥት ነው የሰጠህ» ብላ አስጣለችው። አሁንም የተሰቀለው እዚያው ነው።

ስድስት ብልቃጥ ቀርቶ ነበር። የሚያልፉበት ቀን ሰኔ ሠላሳ፣ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ማስወገጃ ኮሚቴው ግን ከግንቦት ጀምሮ ተቋቁሞ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጦ፣ ቀን ቆርጦ ይጠብቅ ነበር። መድኃኒቱን ለማምጣት አሥራ ሰባት ዓመት፣ ለማቃጠል ግን ከቀኑ ቀድሞ።

የግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ገና የመጀመሪያውን ካርድ ሳላወጣ፣ አንድ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ገብቶ ደረጃው ሥር ቆመ። ከውስጡ ዓሊዪ ልጁን ናፊያን ታቅፎ ወረደ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን ነው የምትመስለው። ጫት ስትቀነጥስ እጇ ላይ ነድፏታል። ሰዓቱን እንደ ልማዴ አየሁ፤ ከተነደፈች ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው።

ጌታነህ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። የአሥር ዓመት ልማድ ነውና አፉ ተከፈተ፤ «የት አለ?» ሊል እንደነበር አውቃለሁ። ዓሊዪ ልጁን አልጋው ላይ አኖራትና ሁለቱን መዳፎቹን ዘረጋለት።

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁት» አለ። «ምን እንደሚመስል አላየሁትም። ዞሬም አላየሁ።»

ጌታነህ መዳፎቹን ያዛቸው። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ወደ ፍሪጁ ሮጠ። ስድስቱንም ሰጣት። እጇ እስከ ክርኗ አብጦ ቆመ፣ ከዚያ አላለፈም። በአራተኛው ቀን የሆስፒታል አልጋ እንጂ የናንተ ጠባብ አልጋ አይመቸኝም ብላ ስትነጫነጭ ዳነች ማለት ነው አልን። ማስወገጃ ኮሚቴው በተቆረጠው ቀን መጥቶ የሚያስወግደው ነገር በማጣቱ ስብሰባውን በቃለ ጉባኤ ዘጋ።

ናፊያ አሁን በእናቷ ቦታ ማሽላ ትሸጣለች። እባቡ አልተገኘም፤ ማንም አልፈለገውም። ዓሊዪ እንደገና በካበው ካብ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። መንደርተኛው ያማዋል፤ ልጁን የነደፈው እባብ በማሳው ላይ በሕይወት እያለ እሱ ተኝቶ ያድራል ይሉታል። ባለፈው ለቁስል መጥቶ ስናወራ ጌታነህ ይህንኑ አነሳበት።

«ይበሉኛ» አለ ዓሊዪ። «እሱም ይኑር። እሷ ቤት አለችልኝ።»

ጌታነህ ሳቀ። ከፋጡማ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ፋሻውን አንስቶ የዓሊዪን ጣት ማሰር ቀጠለ፤ ድንጋይ ነበር የወደቀበት። እኔም ካርዱን ሞልቼ «ሌሎች» ውስጥ ከተትኩት።